የበገና አውታር

የበገና አውታር በበገና ላይ ተወጥሮ በጣት ሲነካ ድምፅ የሚሰጥ ክር ነው። በገና አሥር አውታሮች ያሉት ባለ ወፍራም ድምፅ የዜማ መሣሪያ ሲሆን፣ በተለይ በዓቢይ ጾም ይደረደራል። ቁጥሩ በትውፊት የአሥርቱ ትእዛዛት ምሳሌ ነው ይባላል። ብዙ ደርዳሪዎች ግን አምስቱን ወይም ስድስቱን ብቻ ያሰማሉ፤ የቀሩት ጣት ማሳረፊያ ይሆናሉ።

የሚሠራበት ነገር

የማሲንቆ ብቸኛ አውታር ከፈረስ ጭራ ሲሠራ፣ የበገና አውታር በልማድ ከበግ አንጀት ይሠራል። አንጀቱ ይታጠባል፣ ስቡ ይፋቃል፣ እርጥብ ሳለ ይገመዳል፣ ከዚያም ተወጥሮ ይደርቃል። እንደ ደብረ ታቦርና ጣራ ገዳም ባሉ የደቡብ ጎንደር አካባቢዎች በግ ስለሚረባ ጥሬ ዕቃው ሩቅ አይደለም። አንጀት ግን እርጥበት ይስባል፤ ስለዚህ በክረምት ቶሎ ከቅኝት ይወጣል። በዚህ ምክንያት ዛሬ ናይለን የሚጠቀሙም አሉ።

ውፍረትና ቅኝት

የአውታር ድምፅ በርዝመቱ፣ በውጥረቱና በክብደቱ ይወሰናል። ሌላው ሳይለወጥ ውፍረቱ በግማሽ ቢቀንስ ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል፤ ውጥረቱ አራት እጥፍ ቢሆንም ውጤቱ ያው ነው። ናይለን ከአንጀት ስለሚቀል፣ በዚያው ውጥረት ያንኑ ድምፅ ለማግኘት 6 በመቶ ያህል ወፍራም መሆን አለበት።

የብረት ሽቦ ከአንጀት ስድስት እጥፍ ያህል ይከብዳል። እኩል ውፍረት ያለው ሽቦ በዚያው ድምፅ እንዲቃኝ ስድስት እጥፍ መወጠር ይኖርበታል። ይህም ቀንበሩን ሊያጎብጥ፣ በገበቴው ላይ የተወጠረውን ቆዳም ሊቀድ ይችላል።

ከቤዝ ጊታር ጋር ሲነጻጸር

የቤዝ ጊታር ወፍራሙ አውታር በተለመደው ቅኝት 41 ኸርዝ ያህል ድምፅ ይሰጣል። ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ 86 ሳንቲ ሜትር ነው። ክብደት እንዲያገኝ፣ ግን ግትር እንዳይሆን፣ በብረት እምብርት ላይ ሌላ ሽቦ ይጠመጠምበታል። የማግኔት ድምፅ መቀበያው የሚሰማው ብረትን ብቻ ነው። ስለዚህ የአንጀት ወይም የናይለን አውታር ያለው በገና በመድረክ ላይ ማይክሮፎን ወይም በገበቴው ላይ የሚለጠፍ መቀበያ ያስፈልገዋል።

አመራረጥ

አውታር ሲመረጥ ከዳር እስከ ዳር እኩል ውፍረት ያለው፣ ያልተሰነጠቀና ያልላላ መሆኑ ይታያል። አውታር ሲለወጥ እንዚራም እንደገና ይስተካከላል። እንዚራ በበርኩማውና በአውታሩ መካከል የሚገባ ትንሽ ቆዳ ሲሆን፣ የበገናን መለያ የሆነውን የንዝረት ድምፅ የሚያመጣው እርሱ ነው። ቦታውን ከሳተ አውታሩ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ይህ ድምፅ ይጠፋል።