ከሸዋ በር እስከ ሐረማያ ዳርቻ
የሐረር ጥንዶች ማልደው ወደ ሐረማያ ሐይቅ ዳርቻ መውጣታቸው የቆየ ልማድ ሊመስል ይችላል፤ ዕድሜው ግን ከመኪና መንገድ አይበልጥም ባይ ነኝ። ሸዋ በር፣ ሐረሪዎች አስመዲን በሪ የሚሉት፣ የሐረር ገዥ አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከተማዋን ለመክበብ ካሠሩት የጀጎል ግንብ በሮች አንዱ ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ሲመጣ የበሮቹ ቁልፍ ማታ ማታ በጊዜው ወደነበረው አሚር ይወሰድ ነበር፤ እስኪነጋም ማንም አይወጣም። ፍቅር ሰዓት አያይም ቢባልም ዘበኛው ያያል። ሐይቁ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ በሩ ሲከፈት በእግሩ የተነሣ ሰው የሚደርሰው ፀሐይ ከከረረች በኋላ ነው፤ ሳይመሽም መመለስ አለበት።

«ባልና ሚስት በማለዳ ወደ እርሻቸው ይወርዱ አልነበር?» የሚል አይጠፋም። ይወርዱ ነበር፤ ለሥራ እንጂ ለሽርሽር አይደለም። ምኒልክ ከተማዋን በ1879 ዓ.ም. መያዛቸውም ርቀቱን አላሳጠረውም፤ ያሳጠረው መኪና ነው። ክፍት በርና መኪና ደግሞ ያለ ውኃ ከንቱ ናቸው፦ የጫትና የአትክልት መስኖ፣ የከተሞች ፓምፕና ደለል ተባብረው ሐይቁን በ1990ዎቹ አጋማሽ አደረቁት። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውኃው ተመልሶ መታየት ቢጀምርም፣ ሐረር ግን በዚያ ድርቀት የተነሣ የመጠጥ ውኃዋን ከድሬዳዋ አቅጣጫ በቧንቧ ለማስመጣት ተገድዳለች።