ከወፍጮ ድንጋይ እስከ ብሌንደር፦ ጉልበቱ የማን ነበር?

በቴሌግራም የዕቃ መሸጫ ቻናሎች ላይ የማይጠፋ ማስታወቂያ አለ፤ የብሌንደር ማስታወቂያ። ካርቶኑ ላይ 4,500 ዋት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ተጽፎበታል። በረዶ ይሰብራል፣ ቡና ይፈጫል፣ በርበሬ ያደቃል ይባልለታል። ገዢውም በኮሜንት የሚጠይቀው ያንኑ ነው፦ «ጉልበቱ እንዴት ነው?»

ጥያቄው ትክክለኛ ነው። በአገራችን ማድ ቤት ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የቆየ ጥያቄ የለም ማለት ይቻላል። ልዩነቱ፣ ቀድሞ «ጉልበት» ሲባል የሰው ክንድ ነበር፤ በተለይም የሴት ክንድ። ስለዚህ የትኛው ብሌንደር ይሻላል ከማለታችን በፊት ይህ ጉልበት ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ብናይ፣ ለኪሳችንም ለአስተሳሰባችንም ይጠቅመናል።

ከድንጋዩ እንጀምር። በአክሱም አካባቢ በተደረጉ ቁፋሮዎች የወፍጮ ድንጋዮች ተገኝተዋል፤ ቅርጻቸው አያቶቻችን ሲፈጩበት ከነበረው ብዙም አይለይም። ከታች ሰፊው ድንጋይ፣ ከላይ በሁለት እጅ የሚያዘው መጅ። ሴትየዋ ጎንበስ ብላ መጁን ወደፊት ትገፋለች፣ ትስባለች፣ ትገፋለች። ድንጋዩ ሲልም ተወቅሮ እንደገና ይሻክራል። አማርኛችን ራሱ የዚህ ሥራ መዝገብ ነው፦ መከካት፣ መሸርከት፣ መፍጨት፣ መሰለቅ፣ መውቀጥ፣ መደቆስ፣ መሸክሸክ። ለእያንዳንዱ ሥራ የተለየ ቃል የተሰጠው፣ እያንዳንዱ የተለየ ድካም ስለነበረው ነው። ይህን ዝርዝር ያዙልኝ፤ ወደ ገበያው ስንመለስ ያስፈልገናል።

ይህ ድካም ለሁሉም እኩል አልተከፋፈለም። ወንድ ልጅ ወፍጮ ላይ መታየቱ ነውር ነበር። በመኳንንቱና በባለጸጋው ቤት ደግሞ እመቤቲቱም አትፈጭም፤ ወፍጮው ላይ የምትውለው ገረድ ወይም ባሪያ ነበረች። ጫግኒን የሚያውቅ ሰው ይህ ታሪክ ሩቅ እንዳልሆነ ያውቃል። ከከተማዋ በስተምዕራብ ያለው የጉሙዝ ቆላ ለረጅም ዘመን ባሪያ ሲፈነገልበት የኖረ አገር ነው። በደጋው ቤት ውስጥ ሌሊት ተነሥታ ከምትፈጨው ሴት መካከል ከዚያ ቆላ የተወሰደች ነበረችበት። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የባርነት ጉዳይ ዋና መከራከሪያ ነበር፤ ባርነት በሕግ የተከለከለው ግን በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። ስለ ነጻነት ስናወራ ስለ ወፍጮም ማውራት አለብን የምለው ለዚህ ነው።

ጦርነቱም ቢሆን በመጅ ላይ የቆመ ነበር። በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ የዘመተውን ሠራዊት ስናስብ ጋሻና ጠመንጃው ይታየናል። ከሠራዊቱ ጋር ግን እህል የሚፈጩ፣ እንጀራ የሚጋግሩ፣ ውሃና እንጨት የሚሸከሙ እጅግ ብዙ ሴቶች ዘምተዋል። ዱቄት በፋብሪካ በማይመጣበት አገር ያልተፈጨ እህል ስንቅ አይሆንም። የድሉ ባለቤቶች ስም ዝርዝር ውስጥ ወፍጮኞቹ የሉም፤ ያለእነሱ ግን ሠራዊቱ ከወረኢሉ ርቆ አይሄድም ነበር።

ታሪኩን የቀየረው ሞተር ነው። የሞተር ወፍጮ በከተሞች ከተስፋፋ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ገጠር ገበያዎች ወረደ። በደርግ ዘመን የገበሬዎች አገልግሎት ሰጪ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ከሚያቋቁሟቸው ነገሮች አንዱ ወፍጮ ቤት ነበር። በናፍጣ የሚሠራው ሞተር ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ መንደሩ «ወፍጮው ተነሣ» ይላል፤ አህያ ይጫናል፤ ወረፋ ይያዛል። ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ሥራው ወደ ሞተር ሲዛወር ነውርነቱ ጠፋ፤ ወፍጮ ቤት ውስጥ ዱቄት ለብሶ የቆመው ሰው አሁን በአብዛኛው ወንድ ነው። ሁለተኛ፣ ሴቶችን ከሌሊቱ ሥራ ያሳረፈው ትልቁ ማሽን በማንም ቤት ውስጥ አልነበረም። የሰፈር ነበር።

ብሌንደሩ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። የመጀመሪያው የባለቤትነት መብት ማመልከቻ የገባው እ.ኤ.አ. በ1922 አሜሪካ ውስጥ፣ ከፖላንድ በሄደው ስቲቨን ፖፕላውስኪ ስም ነው። የታሰበውም ለማድ ቤት አልነበረም፤ በመጠጥ መሸጫዎች ወተትና ብቅል ለመቀላቀል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 ፍሬድ ዋሪንግ የተባለ የሙዚቃ ባንድ መሪ ገንዘቡን አውጥቶ ለገበያ ያቀረበው «ዋሪንግ ብሌንደር» ለኮክቴል ተፈላጊ ሆነ። ከዚያም ወደ ቤተ ሙከራ ገባ፤ ዶክተር ጆናስ ሶልክ የፖሊዮ ክትባት ላይ ሲሠሩ ከተጠቀሙባቸው ዕቃዎች አንዱ ነበር። እኛም ጋ ብዙ ሰው መጀመሪያ የተዋወቀው በጁስ ቤት ነው፤ በአቮካዶ፣ በማንጎና በስፕሪስ።

ስለዚህ ብሌንደር የወፍጮ ልጅ አይደለም፤ የመጠጥ ቤት ልጅ ነው። ድንጋይ የሚፈጨው በክብደትና በማሸት ነው፤ ፍሬው በሁለት ድንጋይ መካከል ተይዞ ይደቃል። ብሌንደር የሚፈጨው በፍጥነት ነው፤ ኃይለኞቹ ስለታቸው በደቂቃ ከ20,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። ለዚያ ደግሞ ፈሳሽ ይፈልጋል፤ ፈሳሹ ሲዞር ያልደቀቀውን እየሳበ ወደ ስለቱ ይመልሰዋል። ደረቅ ነገር ሲገባበት ከላይ ያለው አይወርድም፣ ከታች ያለው ይግላል፣ ሞተሩም አብሮ ይግላል።

አሁን የቃላቱን ዝርዝር ይዘን ወደ ገበያው እንመለስ። ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቲማቲም፣ ዳጣ፣ ጁስ፦ ይህ የብሌንደር ሥራ ነው፤ ለዚህም ከ600 እስከ 1,000 ዋት ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል። ቡና፣ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ፦ ለደረቅ ቅመም የተሠራች ትንሽ ጣሳ አብራው ካለች፣ በጥቂቱና በአጭር በአጭሩ እየቆረጡ ይቻላል። ሽሮና በርበሬ በኪሎ፣ ጤፍና ዳጉሳ ግን የወፍጮ ቤት ናቸው፤ ማንም ሻጭ ቢምል አትመኑት። ለወጥ የሚሆን ቀይ ሽንኩርት ደግሞ ልሞ ከተፈጨ ውሃውን ስለሚለቅ መቁላላቱ ቀርቶ ይቀቀላል። አንድ ሁለት ጊዜ ነካ አድርጎ ማቆም ነው።

ዋቱስ? እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ያስፈልጋል። የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው። ተራው ሶኬት ቢበዛ 16 አምፔር ይሸከማል። 220 በ16 ሲባዛ 3,520 ዋት ነው። 4,500 ዋት የሚል ብሌንደር እውነቱን ቢሆን ኖሮ ከ20 አምፔር በላይ ይስብ ነበር፤ ሶኬቱ አይችለውም። ሌላ ማነጻጸሪያ ካስፈለገ የእንጀራ ምጣዱን እዩት። ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ለዚህም ነው ለብቻው ወፍራም ሽቦ የሚዘረጋለት። ጭማቂ የሚመታ ዕቃ ከምጣድ በላይ ኃይል ይወስዳል የሚል ጽሑፍ ራሱን ያጋልጣል። በዓለም ገበያ በጉልበታቸው ስም ያተረፉት እንደ ቪታሚክስና ብሌንድቴክ ያሉት የቤት ብሌንደሮች እንኳ በአብዛኛው ከ1,200 እስከ 1,800 ዋት ናቸው። ስለዚህ ካርቶኑን ትታችሁ ዕቃውን ገልብጡት፤ ከመቀመጫው ሥር ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ።

ያቺ ጽሑፍ ሌላም ነገር ትነግራችኋለች። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ስጦታ ከሆነ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል። ያለ ትራንስፎርመር የሰካው ሰው ብዙ ሳይቆይ የተቃጠለ ሽታ ይሸተዋል። ለእኛ የሚሆነው ከ220 እስከ 240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ የሚለው ነው።

ከዋቱ በላይ የሚያስቆጩ ነገሮች አሉ። ሞተሩንና ስለቱን የሚያገናኘው ጥርስ ፕላስቲክ ነው ወይስ ብረት? ብዙ ብሌንደር የሚሞተው ሞተሩ ደህና ሆኖ ይህ ጥርስ ሲያልቅ ነው። ሲግል ራሱን የሚያጠፋበት መከላከያ አለው? ጣሳው ቢሰበር፣ የስለቱ ጎማ ቢያፈስ፣ መለዋወጫው የት ይገኛል? ጫግኒ ያለ ሰው ለአንዲት ጎማ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ መላክ ካለበት፣ ስሙ የገነነው ዕቃ ሳይሆን ጠጋኙ የሚያውቀው ዕቃ ይሻለዋል። የድንጋይ ወፍጮ ሺህ ዓመታትን የተሻገረበት አንዱ ምሥጢር ይኸው ነው፤ ሲልም መልሶ የሚወቅረው ሰው እዚያው መንደር ውስጥ ነበር።

እስከ አሁን ያወራነው ስለ ዕቃው ነው። ዕቃው ግን ያለ መስመሩ ምንም ነው። የመብራት ታሪካችንን በአጭሩ እዩት። ኤሌክትሪክ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ጀመረ። ቆቃ በ1952፣ ጢስ ዓባይ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት ይዞ በ2002 ዓ.ም. ተመረቀ። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው።

ጫግኒ ለዚህ ታሪክ ተመልካች ብቻ አይደለችም። ቀድሞ የመተከል አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ ግድቡ ያለበት ጉባም የመተከል ነው። ከእንጅባራ ተነሥቶ በግልገል በለስና በማምቡክ ወደ ጉባ የሚወስደው መንገድ በእሷ በኩል ያልፋል። ስሚንቶና ብረት የጫነው መኪና፣ ሠራተኛው፣ ጎብኚው በደጇ አልፏል። ነዋሪዋም እንደ ሌላው ኢትዮጵያዊ ቦንድ ገዝቷል። በመተከል ግጭት የተፈናቀሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በ2013 ዓ.ም. የተጠለሉትም እዚሁ፣ ራንች በሚባለው ስፍራ ነበር።

ይህን የማነሣው ለማሳዘን አይደለም፤ የወፍጮው ታሪክ አለመዘጋቱን ለማሳየት ነው። በአገራችን የእርዳታ ስንዴ አብዛኛውን ጊዜ ሳይፈጭ በእህልነቱ ይታደላል። ተፈናቃይዋ ለማስፈጫ ገንዘብ ከሌላት ከራሽኗ ላይ ቆንጥራ ትከፍላለች፤ ያም ካልሆነ ድንጋይ ትፈልጋለች። በሰሜኑ ጦርነት መብራት በተቋረጠባቸው ከተሞችም ወፍጮ ቤት ሲቆም፣ ናፍጣ ሲጠፋ፣ ተረስቶ የነበረው መጅ ከጓሮ ተለቅሞ ወጥቷል። ኃይል በጠፋ ቁጥር ሒሳቡ የሚመለሰው ወደዚያው ወደ ድሮው ክንድ ነው። ብሌንደሩ በቆመ ጊዜ ዘነዘናውን እንዲያነሣ የሚጠራው የቤቱ ወንድ ልጅ ነው ወይስ ሴት ልጅ? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ስለዚህ የእኔ ምክር አጭር ነው። ብሌንደር መግዛት የሚችል ይግዛ፤ ቅንጦት ነው የሚሉትን አይስማ። የአንዲትን ሴት የግማሽ ሰዓት ጉልበት የሚያተርፍ ዕቃ ቅንጦት አይባልም። ግን ለሐሰተኛ ዋት ገንዘብ አይክፈል። ወደ 1,000 ዋት የሚጠጋ፣ ጥርሱ ብረት የሆነ፣ ሁለት ጣሳ ያለው፣ መለዋወጫው የሚገኝ ይምረጥ። መብራት ሲጠፋ ከሶኬቱ ይንቀለው፤ ሲመለስ የሚዋዥቀው ኃይል ሞተር ያቃጥላል። ሙቀጫውንም አይጣል።

ትልቁ ጥያቄ ግን ከካርቶኑ ላይ አይነበብም። 5,150 ሜጋ ዋት ማመንጨት አንድ ነገር ነው፤ ያንን በትራንስፎርመር፣ በምሰሶና በማይቆራረጥ መስመር እስከ ወፍጮ ቤቱና እስከ ማድ ቤቱ ማድረስ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያውን ሠርተን አስመርቀናል። ሁለተኛው እስኪሠራ ድረስ፣ በግድቡ መንገድ ላይ ያለችው ከተማ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ብትል ማን ይፈርድባታል?

ቸር እንሰንብት።