ለገሃር፤ የምድር ባቡሩ መድረሻና የከተማው መጓጓዣ

በክፍል ውስጥ የኢትዮ ጅቡቲ ምድር ባቡር ታሪክ ሲነሣ፣ ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ እንዲይዝ የሚደረገው የሐዲዱን ርዝመት፣ ማለትም 784 ኪሎ ሜትርን፣ እና የጥቂት ዓመተ ምሕረቶችን ዝርዝር ነው። ተጓዡ ከባቡር ከወረደ በኋላ ወዴትና በምን ይሄድ እንደ ነበር የሚጠይቅ መምህር ጥቂት ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን የአንድ መድረሻ ጣቢያ ታሪክ እኩሌታው የሚገኘው ከጣቢያው በር ውጭ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ የሥራውን ፈቃድ ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ሲሆን፣ ግንባታው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ በኩል ተጀመረ። ወደ ሐረር ደጋ መውጣቱ አስቸጋሪ በመሆኑ ሐዲዱ በቆላው በኩል አልፎ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከተማዪቱም በዚሁ ምክንያት ተቆረቆረች። የመጀመሪያው ኩባንያ በመክሰሩና በሌላ በመተካቱ ሥራው ተጓትቶ፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ዛሬም ቆሞ የሚታየው የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው ደግሞ በኅዳር 1922 ዓ.ም. ነው።

በዚያን ጊዜ ቤተ መንግሥቱም ሆነ የአራዳ ገበያ ከፍ ባለው ቦታ ላይ የነበሩ ሲሆን፣ ጣቢያው የተሠራው ከእነርሱ በስተደቡብ በዝቅተኛው ሜዳ ላይ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ተጓዥና እያንዳንዱ ጭነት ዳገቱን መውጣት ነበረበት። ይህ ጉዳይ ቀላል መስሎ ቢታይም የከተማውን መልክ የለወጠ ነው፤ በላይኛው ከተማና በጣቢያው መካከል የነበረው መንገድ ውሎ አድሮ ሰፊ ጎዳና ሆነ፣ ከተማውም ወደ ደቡብ ተሳበ። በ1923 ዓ.ም. ለንግሥ በዓል በጣቢያው ፊት ለፊት የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ጣሊያኖች ወደ ሮማ ወስደውት ነበር፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ተመልሶ በስፍራው ቆመ። የፈረንሳዮቹ «ላ ጋር»፣ ማለትም «ጣቢያው»፣ በሕዝብ አንደበት «ለገሃር» ሆኖ የሰፈር ስም ሲሆን፣ የአንበሳ አውቶቡስና የታክሲ ተሳፋሪም ባቡር ሳያሰኘው በዚሁ ስም ይወርድና ይሳፈር ጀመር።

በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ የሚነሣው የቀድሞው ባቡር ተቋረጠ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በመስከረም 2008 ዓ.ም.፣ ሥራውን የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር በለገሃር ፌርማታ ተሠራለት። እንግዲህ ከተማን ከከተማ የሚያገናኘው ባቡር ከሄደ በኋላ ሰፈርን ከሰፈር የሚያገናኘው መጣ፤ ሁለቱ በአንድ ስፍራ ሳይገናኙ ቀሩ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መንገደኛ ማሳፈሪያውን በከተማው ዳርቻ በለቡ በኩል አደረገ። አዲሱ ሐዲድ ሰፊ በመሆኑና ጭነትን ማስቀደሙ ምክንያታዊ በመሆኑ ውሳኔውን መንቀፍ አይቻል ይሆናል። ሆኖም የቀላል ባቡሩ የደቡብ መሥመር ሲዘረጋ መድረሻው ቃሊቲ እንጂ ለቡ አልሆነም፤ ሁለት ባቡሮች በአንድ ዘመን ሲታቀዱ ይህን የሚያህል ክፍተት መተው፣ በ1909 ዓ.ም. ለነበሩት መሐንዲሶች እንኳ የሚያስገርም ይመስለኛል።

ለእጩ መምህራን የምንሰጠው መልመጃ አንድ ነው። የከተማውን ካርታ ይዘው፣ ከድሬዳዋ የመጣ ሽማግሌ ከነጓዙ ከለቡ ተነሥቶ መርካቶ እስኪደርስ ስንት ጊዜ እንደሚወርድና እንደሚሳፈር ይቆጥራሉ፤ ከዚያም ባቡሩ ለገሃር ይገባ በነበረበት ዘመን ያንኑ መንገድ እንደ ገና ይቆጥራሉ።