ጣራ ገዳም፦ ለጎብኚ ክፍት የሆነ፣ ጥንቃቄን የሚሻ ደን

ከወረታ ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና የሚጓዝ ሰው የፎገራን የሩዝ ማሳዎች ከኋላው ትቶ አዲስ ዘመን ሲደርስ፣ በከተማዋ አቅራቢያ በደን የተሸፈነ ተራራ ይገጥመዋል። በደቡብ ጎንደር ዞን ሊቦ ከምከም ወረዳ የሚገኘው ይህ ስፍራ ጣራ ገዳም ይባላል፤ ስያሜው የጥንታዊው ገዳምም፣ በዙሪያው ያለው ደንም መጠሪያ ነው።

የጣና ሐይቅን የሚያዋስነው የፎገራ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን፣ ደኑ ከ2,100 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ጉብኝቱ ዳገት መውጣትን ይጠይቃል። ለመዝናኛ ተብሎ የተነጠፈ መንገድ አይጠበቅም፤ መነኮሳት፣ ምእመናንና የአካባቢው ገበሬዎች የሚመላለሱበት የእግር መንገድ ግን አለ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ያሉት ወራት ለእግረኛ የተሻሉ ናቸው፤ በዝናብ ወቅት ተዳፋቱ ያዳልጣል።

በደኑ ውስጥ ወይራ፣ ሰሳ፣ አጋም፣ ክትክታና ሌሎች በርካታ አገር በቀል ዕፅዋት ይገኛሉ። ኃይለአብ ዘገየ፣ ደምል ተክታይና እንሰርሙ ቀልቤሳ በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በጣራ ገዳምና በዚያው ወረዳ በሚገኘው የአበባዬ ደን 143 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎችን መዝግበዋል። ተመራማሪዎቹ አንዳንዶቹ ዝርያዎች ራሳቸውን የሚተኩ በቂ ችግኞች እንደሌሏቸውም ገልጸዋል። አሳሳቢው ነገር ይህ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ለምለም የሚመስል ደን ከሥሩ ወጣት ዛፍ ከሌለው የሚቆየው ያረጁት ዛፎች እስኪወድቁ ብቻ ነው። ወይራ ለማገዶም፣ ለዕቃ ማጠኛም፣ ለእርሻ መሣሪያም የሚፈለግ በመሆኑ ጥቅሙ ራሱ ጠላቱ ሆኖበታል።

በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደኖች ያጠኑት አለማየሁ ዋሴ 168 የእንጨት ዝርያዎችን አግኝተዋል፤ ከብት የሚገባበት ደን ችግኝ እንደማያበቅልም አሳይተዋል። ከብቱ ቡቃያውን ይግጣል፤ በሰኮናው አፈሩን ያጠብቃል፤ ዘር ቢወድቅም ሥር መስደድ ይቸግረዋል። ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር የደገፉት መፍትሔ ቀላል ነበር፦ ከእርሻ ማሳ የሚለቀመውን ድንጋይ በቤተ ክርስቲያን ደን ዙሪያ መካብ። ማሳው ከድንጋይ ይጸዳል፤ ደኑም አጥር ያገኛል።

ለቆላማው ገበሬም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ከተራቆተ ተዳፋት የሚታጠበው አፈር በርብና በጉማራ ወንዞች አማካኝነት የሚያርፈው በፎገራ ሜዳና በጣና ሐይቅ ነው። ደለሉ ሜዳውን ሲያለማ ኖሯል፤ ነገር ግን የወንዝ መውረጃ ሲሞላ ውኃው ወደ ማሳና ወደ መኖሪያ ይወጣል።

ወደ ጣራ ገዳም የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ከገዳሙ አባቶች ፈቃድ መጠየቅና የትኛው ስፍራ ለጎብኚ እንደሚፈቀድ መረዳት ይገባዋል። ልብሱ ለገዳም የሚመጥን፣ ጫማው ለዳገት የሚሆን ይሁን። የሚጠጣ ውኃ ይያዝ፤ ፌስታልና ፕላስቲክ ይዞ ይመለስ። እሳት አይለኩስ። ቅርንጫፍ ለምርኩዝም ቢሆን አይቁረጥ፤ መንገድ ለማሳጠር በጫካው መሐል አያቋርጥ፤ በእግሩ የሚረግጠው ጣት የሚያህል ቡቃያ የወይራ ችግኝ ሊሆን ይችላልና።