ዱቡሻ ላይ የሚታረም መጽሔት

ስለ ጨንቻና አካባቢዋ ያልተጻፈ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ችግሩ፣ የተጻፈው ጨንቻ አለመድረሱ ነው።

እስቲ እንቁጠር። ፈረንሳዊው ዳን ስፐርበር ዶርዜ ተቀምጦ ከሰማው አንዱን፣ ነብር ክርስቲያን ነውና ረቡዕና ዓርብ ይጾማል የሚለውን አባባል፣ በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የዓለም ምሁራን መከራከሪያ አደረገው። (ዶርዜዎች ግን በጾሙም ቀን ከብታቸውን መጠበቅ አልተዉም!) ማርክ አቤሌስ በ1983 የኦቾሎን የአደባባይ ጉባኤ ጻፈ። ጁዲት ኦልምስተድ በ1997 የዶርዜዋን መሪ የጪማቴ ጩምባሎን ሕይወት፣ ዲና ፍሪማን ደግሞ በ2002 የዶኮን ባህል አሳተሙ። ሁሉም ጥሩ ሥራዎች ናቸው፤ ሁሉም በፈረንሳይኛ ወይም በእንግሊዝኛ።

በአማርኛውስ በኩል? የ1985ቱ የፕሬስ ዐዋጅ ከወጣ በኋላ የግል መጽሔት እንደ አሸን ፈላ። ግን አዘጋጁ አዲስ አበባ፣ ማተሚያ ቤቱ አዲስ አበባ፣ ማስታወቂያ ሰጪውም አዲስ አበባ። ሽፋኑን የሚሞላው አብዛኛውን ጊዜ የፖለቲከኛ ፊት ነበር። ጨንቻ በዚያ መጽሔት ውስጥ ብትገባ በጋቢዋና በቀርከሃ ቤቷ ነው፤ ማለትም በፎቶ። በ2006 ዓ.ም. ክረምት መንግሥት ፋክት፣ ሎሚ፣ ዕንቁ፣ ጃኖና አዲስ ጉዳይ ላይ ክስ መመሥረቱን ሲያስታውቅ፣ ሁሉም በአንድ ከተማ ላይ የቆመ ሥራ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚናጋ አየን። ጥፋቱ የመጽሔቶቹ ነው እያልኩ አይደለም። አንባቢው ግን ገዢ እንጂ ባለቤት አልነበረም።

የባሰም አለ። በ1992 ዓ.ም. ወላይታን፣ ጋሞን፣ ጎፋንና ዳውሮን አንድ ላይ ጨፍልቆ «ወጋጎዳ» በሚባል ቋንቋ የተዘጋጀ የመማሪያ መጽሐፍ ትምህርት ቤት ገባ። ቃሉ ራሱ የተቀጣጠለው ከአራቱ ስሞች ቁራጭ ነው። ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሣ፣ የሰው ሕይወት አለፈ፣ መጻሕፍቱም ተሰበሰቡ። ከዚህ የምንማረው ቀላል ነው፦ ለሕዝቡ የተዘጋጀ ኅትመት ሁሉ ከሕዝቡ የተዘጋጀ አይደለም። ምን ይግባ፣ ምን ይቅር፣ በየትኛው ቋንቋ ይጻፍ የሚለውን ማን ይወስናል? የመጽሔት ዲዛይን የሚጀምረው እዚህ ላይ እንጂ በሽፋኑ ቀለም አይደለም።

ጋሞ ለዚህ ጥያቄ የራሱ መልስ አለው፤ ዱቡሻ ይባላል። ሽማግሌ መርቆ ይከፍታል፣ ሰው በየተራ ይናገራል፣ ጉዳዩ ስምምነት እስኪገኝ ይመከርበታል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ከቡራዩው ግድያ በኋላ አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል በተነሡ ወጣቶች ፊት ሽማግሌዎች ሣር ይዘው ሲንበረከኩ አገር ሁሉ አይቷል። ያን የማስቆም ሥልጣን ከመሬት አልበቀለም፤ ከዱቡሻው የመጣ ነው።

እንግዲህ በዱቡሻ ሥርዓት የሚሰናዳ መጽሔት ምን ይመስላል? በኔ ግምት እንዲህ ነው፦ ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት ለተጻፈባቸው ሰዎች ጮክ ተብሎ ይነበባል። ጋሞኛውና አማርኛው ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ አንዱ የሌላው የግርጌ ማስታወሻ አይሆንም። የሚወጣበትም ቀን በማተሚያ ቤቱ ወረፋ ሳይሆን በአንባቢው ኑሮ ይወሰናል። ሽሮ ሜዳ የሚሸምነው የጨንቻ ልጅ ለመስቀል አገሩ ይገባል፤ ስለዚህ ትልቁ እትም ለመስቀል ገበያ ይደርሳል። ሲመለስም ይዞት አዲስ አበባ ይሄዳል። ከዚህ የተሻለ አከፋፋይ ከየት ይመጣል?

ነገር ግን ዱቡሻን እንደ ገነት መሳልም ስሕተት ነው። ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ለዘመናት እንደ ሙሉ ዜጋ አልተቆጠሩም፤ የሴቶችም ድምፅ እምብዛም አልተሰማበትም። የዱቡሻን ሥርዓት ከነአጥሩ የሚወስድ መጽሔት የድሮውን ዝምታ በአዲስ ወረቀት ያትማል። የአሰናጁ ሥራ እዚህ ላይ ይከብዳል፦ ሽማግሌውን አክብሮ፣ ሽማግሌው ያላስቀመጣትን ሸክላ ሠሪ ደግሞ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ማስቀመጥ። ሽማግሌው ቅር ቢለውስ? እሱም ይጻፍ፤ ቀጣዩ እትም ላይ ቦታ አለው።

ጨንቻ አርባ ምንጭ ሳትቆረቆር የጋሙ ጎፋ ዋና ከተማ ነበረች። መዲናነቱ ቁልቁል ወርዷል፤ የሚመልሰውም የለም። ታሪኳን በራሷ ቋንቋ ለማንበብ ግን መዲና መሆን አያስፈልጋትም። የሚያስፈልጋት ጥቂት ገጽ ወረቀትና እርማት የማይፈራ አዘጋጅ ነው። ወረቀቱ ተወዷል፣ እሱን አውቃለሁ። አዘጋጁስ?