የባቡር ሐዲድና የመኪና መንገድ ማቋረጫ የምልክት መሣሪያዎች አመዘጋገብ

የባቡር ሐዲድና የተሽከርካሪ መንገድ በአንድ ወለል ላይ የሚተላለፉበት ሥፍራ የሐዲድ ማቋረጫ ይባላል። ሁለቱ በድልድይ ካልተለያዩ በስተቀር አንዱ ለሌላው መቆም ይኖርበታል። በሙሉ ፍጥነት የሚጓዝ ባቡር ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም ረጅም ርቀት ስለሚፈጅበት፣ ቆሞ የማሳለፉ ግዴታ የተሽከርካሪው ነው። በመሆኑም በማቋረጫ ላይ የሚተከሉት መብራት፣ ደወልና መዝጊያ አግዳሚ ዓላማቸው አንድ ሲሆን፣ እሱም ባቡሩ ከመድረሱ በፊት ለመንገዱ ተጠቃሚ በቂ ሰከንዶችን መስጠት ነው።

በአገራችን የአዲስ አበባ-ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ መደበኛ የንግድ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ፣ የባቡርና የመንገድ ሥራ እርስ በርስ የሚገናኙባቸው ጉዳዮች ለመንግሥት ሠራተኞችም እንግዳ መሆናቸው ቀርቷል። የማቋረጫ መሣሪያዎችን በመመዝገብ ረገድ ረጅም ልምድ ካላቸው አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። ልምዱ በከፊል በከባድ ዋጋ የተገኘ ነው። ይህ ጽሑፍ የዚያን አገር አሠራርና እ.ኤ.አ. በ1995 በኢሊኖይ ግዛት የደረሰውን አደጋ መነሻ በማድረግ፣ የአንድ ማቋረጫ ሰነድ ምን ምን ሊይዝ እንደሚገባ ያብራራል።

በአሜሪካ ከ200 ሺህ በላይ የሐዲድ ማቋረጫዎች ሲኖሩ፣ እያንዳንዱ ስድስት አኃዝና አንድ ፊደል ያለው መለያ ቁጥር አለው። ቁጥር የመስጠቱ ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። ቁጥሩ ያስፈለገበት ምክንያት የመንገድ ስም ብቻውን አስተማማኝ መለያ ባለመሆኑ ነው። አንድ መንገድ ያንኑ ሐዲድ ሁለት ጊዜ ሊያቋርጥ ይችላል፤ ነዋሪው የሚጠራው ስምና በካርታ ላይ የሰፈረው ስምም ሁልጊዜ አይገጥሙም። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2015 ጀምሮ ይህን ቁጥርና የአደጋ ጊዜ ስልክ የያዘ ሰማያዊ ሰሌዳ በማቋረጫዎች ላይ እንዲኖር ግዴታ ሆኗል። መኪናው ሐዲድ ላይ የቆመበት ሰው ደውሎ ቁጥሩን ካነበበ፣ ስልኩን የተቀበለው ሠራተኛ የትኛው መስመር ላይ ያለ ባቡር መቆም እንዳለበት ለማወቅ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በዚህ ቁጥር ሥር ሁለት ዓይነት ሰነድ ይያዛል። የመጀመሪያው አገር አቀፉ የማቋረጫዎች መዝገብ ነው። በመዝገቡ የማቋረጫው አቀማመጥ፣ የባቡሩ ምልልስና ፍጥነት፣ የሐዲዱ ብዛት፣ የማስጠንቀቂያ መሣሪያው ዓይነትና የመንገዱ ሁኔታ ይሰፍራሉ። መረጃውን የሚሞሉት የባቡር ድርጅቱና የግዛቱ የመንገድ መሥሪያ ቤት በየድርሻቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ደንብ መሠረት የባቡር ድርጅቶች መረጃውን ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ ማደስ፣ ማቋረጫ ሲዘጋ ወይም የማስጠንቀቂያ መሣሪያው ሲለወጥ ደግሞ በሦስት ወር ውስጥ ማሳወቅ ይጠበቅባቸዋል።

ሁለተኛው ሰነድ የሚገኘው በማቋረጫው አጠገብ በሚቆመው የመሣሪያ ሳጥን ውስጥ ነው። የፌዴራሉ ደንብ ለጥገናና ለፍተሻ የሚያስፈልጉ የመሣሪያው ንድፎች እዚያው በሥፍራው እንዲቀመጡ፣ የሚነበቡና ትክክለኛ እንዲሆኑ ያዛል። እያንዳንዱ ሽቦም በሚታሰርበት ጫፍ ሁሉ የሚለይበት ምልክት ሊኖረው ይገባል። ትእዛዙ ቀላል ቢመስልም በተግባር ብዙ ጊዜ የሚፈተነው ይኸው ነው። ጥገና በሌሊት ይሠራል፤ ሽቦ ይለወጣል፤ ንድፉ ግን «ነገ ይታረማል» ተብሎ ይታደራል። ቀጥሎ የሚመጣው ባለሙያ ደግሞ ወረቀቱን አምኖ ይሠራል። ንድፍ ያጣ ባለሙያ እያንዳንዱን ሽቦ ተከትሎ ያረጋግጣል፤ የተሳሳተ ንድፍ የያዘው ግን ሳያረጋግጥ ይቆርጣል። ስለሆነም የተሳሳተ ንድፍ ጨርሶ ካለመኖሩ የከፋ ሊሆን ይችላል።

ለመሆኑ መሣሪያውን የሚመዘግብ ሰው ሥራውን ከየት ይጀምራል? ዓይን ቶሎ የሚያርፈው በመብራቱና በአግዳሚው ላይ ነው። ምዝገባው መጀመር ያለበት ግን ከማቋረጫው በመቶዎች የሚቆጠሩ ሜትሮች ርቆ፣ ባቡሩ መምጣቱ መጀመሪያ ከሚታወቅበት ነጥብ ነው። መሠረቱ አሜሪካዊው ዊሊያም ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1872 የፈጠራ ባለቤትነት ያገኘበት የሐዲድ የኤሌክትሪክ ዑደት ነው። አነስተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል በሁለቱ ሐዲዶች ውስጥ አልፎ በሌላው ጫፍ ያለውን ሪሌይ ይዞ ያቆያል። ባቡር ሲገባ የብረት መንኮራኩሮቹና አክሱ ሁለቱን ሐዲዶች ስለሚያገናኙ ኃይሉ ሪሌዩ ዘንድ አይደርስም፤ ሪሌዩ ይለቅቃል፤ ማስጠንቀቂያውም ይጀምራል። ሽቦ ቢበጠስ ወይም የዑደቱ ባትሪ ቢደክምም የሚሆነው ተመሳሳይ ነው። መሣሪያው ሲበላሽ «ባቡር አለ» ብሎ እንዲሳሳት እንጂ «ባቡር የለም» ብሎ እንዳይሳሳት ታስቦ የተሠራ ነው።

የዑደቱ ርዝመት በሰነዱ ውስጥ ከሚሰፍሩት ቁጥሮች ሁሉ ዋነኛው ነው። በአሜሪካ ደንብ ባቡሩ ማቋረጫው ላይ ከመድረሱ በፊት ቢያንስ 20 ሰከንድ ማስጠንቀቂያ መሰጠት አለበት። በሰዓት 113 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ባቡር በ20 ሰከንድ 630 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በመሆኑም ዑደቱ ቢያንስ ከዚህ ርቀት ላይ መጀመር ይኖርበታል። የመስመሩ ፍጥነት ወደ 127 ኪሎ ሜትር ከፍ ቢልና የዑደቱ ርዝመት ባይለወጥ፣ የማስጠንቀቂያው ጊዜ ወደ 18 ሰከንድ ገደማ ይወርዳል። በማቋረጫው ላይ ግን በዓይን የሚታይ ለውጥ አይኖርም፤ መብራቱ ይበራል፣ አግዳሚውም ይወርዳል። ልዩነቱን የሚያሳየው የዑደቱን ርዝመትና የተፈቀደውን ፍጥነት ጎን ለጎን የያዘ ሰነድ ብቻ ነው። አዳዲሶቹ መሣሪያዎች የባቡሩን ፍጥነት ራሳቸው አስልተው ለዝግተኛውም ለፈጣኑም ተቀራራቢ ጊዜ ስለሚሰጡ፣ የተሞሉበት የሰከንድ መጠን በሰነዱ ሊሰፍር ይገባል።

የሚታየውን ክፍል መመዝገብ ከዚህ ይቀልላል። መብራቶቹ በደቂቃ ከ35 እስከ 65 ጊዜ ብልጭ ሊሉ ይገባል። አግዳሚው መውረድ የሚጀምረው መብራቱ ከጀመረ ከሦስት ሰከንድ ባላነሰ ጊዜ ውስጥ ሲሆን፣ ባቡሩ ከመድረሱ ቢያንስ አምስት ሰከንድ ቀደም ብሎ አግድም መተኛት አለበት። መብራት ኃይል ሲቋረጥ የሚተካው ባትሪም ይመዘገባል።

አስቸጋሪው ክፍል የሚመጣው ከማቋረጫው አጠገብ የትራፊክ መብራት ያለው መስቀለኛ መንገድ ሲኖር ነው። ባቡር ሲመጣ የባቡሩ መሣሪያ ለትራፊክ መብራቱ መሣሪያ ትእዛዝ ይልካል፤ መብራቱም ሐዲዱ ላይ የተሰለፉት መኪናዎች እንዲወጡ አረንጓዴ ያበራላቸዋል። ሁለቱ ሳጥኖች በሽቦ የተገናኙ ሲሆኑ ባለቤቶቻቸው ግን የተለያዩ ናቸው።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 25 ቀን 1995 ጠዋት በኢሊኖይ ግዛት ፎክስ ሪቨር ግሮቭ በተባለች ከተማ፣ 35 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን የጫነ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሐዲዱን ተሻግሮ በቀይ መብራት ቆመ። በሐዲዱና በአውራ ጎዳናው መካከል ያለው ቦታ ለአውቶቡሱ አልበቃም። የአውቶቡሱ የኋላ ክፍል ሐዲዱ ላይ እንዳለ ወደ ቺካጎ የሚያመራ ፈጣን የመንገደኞች ባቡር ደርሶ መታው። ሰባት ተማሪዎች ሕይወታቸው አለፈ፤ ሌሎች በርካቶችም ተጎዱ። በዕለቱ አውቶቡሱን የያዘችው የመደበኛውን ሹፌር ቦታ የተካች አሽከርካሪ ነበረች።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ባደረገው ምርመራ፣ ዋናውን ምክንያት የአውቶቡስ አገልግሎቱ ኃላፊዎች በጉዞ መስመሩ ላይ ያለውን አደጋ ለይተው ለሹፌሮች መመሪያ ባለመስጠታቸው ላይ አሳርፏል። የግዛቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤትም የመቆሚያውን ቦታ ማጠርና የአረንጓዴው መብራት ጊዜ በቂ አለመሆኑን አለመገንዘቡን በአባባሽነት ጠቅሷል።

የሰከንዶቹ ሒሳብ እንዴት ሊጎድል እንደሚችል በምሳሌ ማሳየት ይቻላል። የባቡሩ መሣሪያ 20 ሰከንድ ሰጠ እንበል። የትራፊክ መብራቱ ግን የጀመረውን ሳይጨርስ መለወጥ አይችልም። እግረኛ እየተሻገረ ከሆነ 12 ሰከንድ፣ ለቢጫና ለቀይ መሸጋገሪያ ሌላ ስድስት ሰከንድ ቢወስድ፣ ሐዲዱ ላይ ላለው መኪና የሚተርፈው ሁለት ሰከንድ ነው። በባቡር ድርጅቱ ሰነድ ላይ 20 ሰከንዱ ተሟልቷል፤ በመንገድ መሥሪያ ቤቱ ሰነድ ላይም የእግረኛው ጊዜ በሥርዓቱ ተሰጥቷል። ጉድለቱ የሚታየው ሁለቱ ወረቀቶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲነበቡ ብቻ ነው።

በአሁኑ ወቅት አገር አቀፉ መዝገብ የትራፊክ መብራቱ ከባቡር ምልክቱ ጋር የተገናኘ መሆን አለመሆኑን፣ እንዲሁም ትእዛዙ ከማስጠንቀቂያው ጋር እኩል ወይም ቀድሞ የሚላክ መሆኑን የሚጠይቁ ቦታዎች አሉት። ቀድሞ የሚላከው ዘዴ የትራፊክ መብራቱ የጀመረውን እንዲጨርስ ተጨማሪ ሰከንዶችን ይሰጠዋል። የባቡር ድርጅቶች በኃላፊነታቸው ሥር ያለውን የግንኙነት ክፍል በየወሩ፣ የማስጠንቀቂያውን ጊዜ ደግሞ ቢያንስ በየ12 ወሩና በባቡር ፍጥነት ለውጥ ምክንያት መሣሪያው በተለወጠ ቁጥር ይፈትሻሉ። የፌዴራሉ የባቡር አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው የደህንነት ማሳሰቢያ፣ የተገናኙት መሣሪያዎች የእያንዳንዱን ትእዛዝ ሰዓት የሚይዝ መቅጃ እንዲኖራቸው መክሯል።

ስለዚህ የተገናኘ ማቋረጫ ሰነድ የሁለቱንም ሳጥኖች ሰከንዶች በአንድ ገጽ ላይ መያዝ፣ እያንዳንዱ ቁጥር የተለካበትን ቀንና የለካውን መሥሪያ ቤትም ማሳየት አለበት። በሐዲዱና በመንገዱ መቆሚያ መስመር መካከል ያለው ርቀት በሜትር ይሰፍራል፤ ከጎኑም በዚያ መንገድ የሚመላለሰው ረጅሙ ተሽከርካሪ ርዝመት ይጻፋል። የመንገድ መሥሪያ ቤቱ አንድ ትምህርት ቤት ጠይቆት የእግረኛ መሻገሪያውን ጊዜ በአራት ሰከንድ ቢጨምር፣ ለውጡ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ደብዳቤው ለባቡር ድርጅቱ የምልክት ክፍል መድረስ ይኖርበታል።