ስሙ ያልገነነው ተጫዋች

የእግር ኳስ የሚወድ ወጣት ሁሉ ብዙ ግብ ያገቡትን ሰዎች ስም በቃሉ ያውቃል። እኔ ግን ለወጣቶች ላቀርብ የፈለግሁት፥ በሜዳ ሳለ ስሙ እምብዛም ያልተጠራ፥ እንጀራውን ፍለጋ ከአገር አገር የዞረ የአንድ ተጫዋች ታሪክ ነው። ይህ ሰው ኤርኖ ኤርብሽታይን ይባላል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኤርብሽታይን በ1898 ዓ.ም. ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። የተወለደባት ከተማ ናጅቫራድ ያን ጊዜ የሀንጋሪ ነበረች፤ ዛሬ የሩማንያ ናት። በቡዳፔስት ተጫውቶ ወደ ፊዩሜ፥ ከዚያም ኢጣልያ ውስጥ ወዳለችው ቪቼንዛ ተሻገረ። ነገር ግን በ1926 የኢጣልያ እግር ኳስ ሹማምንት የውጭ አገር ተጫዋቾችን የሚያግድ ደንብ አወጡ። እርሱም ባሕር ተሻግሮ በኒው ዮርክ ለብሩክሊን ዋንደረርስ ተጫወተ።

እንዲህ ያለው ኑሮ ብዙውን ሰው ያማርራል። ዝና የለ፥ ሀብት የለ፥ ዕድሜም ይሄዳል፤ የተጫዋች ጉልበት ደግሞ ቶሎ የሚያልቅ ስንቅ ነው። ኤርብሽታይን ግን እግሩ ሲደክም የሚሠራበትን እውቀት ይዞ ተገኘ። በ1928 በባሪ አሠልጣኝ ሆነ። በ1933 የተረከበው የሉካ ከተማ ቡድን በሦስተኛው ደረጃ የሚጫወት ነበር፤ በ1936 ከኢጣልያ ታላላቅ ቡድኖች ጎን ተሰለፈ፥ በተከታዩም የውድድር ዓመት ሰባተኛ ወጣ።

በ1938 የቶሪኖን ቡድን ያዘ። በዚያው ዓመት ግን፥ በ1935 አገራችንን የወረረው ያው የፋሺስት መንግሥት፥ በአይሁድ ላይ የዘር ሕግ አወጀ። የሥራው መልካምነት አላዳነውም፤ ቤተሰቡን ይዞ ከኢጣልያ ለመውጣት ተገደደ። በ1944 ጀርመኖች ሀንጋሪን ሲይዙ በግዴታ ሥራ ሰፈር ገባ። ከዚያ ሞት ከሚጠበቅበት ቦታ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር አመለጠ። ከነዚህም አንዱ፥ እንደርሱ በየአገሩ ሲጫወት የኖረውና በኋላ ቤንፊካን በ1961 እና በ1962 ለአውሮፓ ዋንጫ ያበቃው ቤላ ጉትማን ነበር።

ጦርነቱ ሲያልቅ ኤርብሽታይን ወደ ቶሪኖ ተመለሰ፤ ቡድኑም በዘመኑ በኢጣልያ አቻ ያልተገኘለት ሆነ። ግንቦት 4 ቀን 1949 ከሊዝበን ሲመለሱ አይሮፕላናቸው በሱፐርጋ ኮረብታ ላይ ተከሰከሰ። ተሳፋሪዎቹ 31 ነበሩ፤ አንድም የተረፈ የለም። ኤርብሽታይንም ከተጫዋቾቹ ጋር ሞተ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? ግፍ ሰውን ያጠነክራል አልልም፤ ግፍ ብዙ ባለሙያዎችን ያለ ቀሪ አጥፍቷል፥ እርሱም ያመለጠው ለጥቂት ነው። የምለው ይህ ነው፤ ደንብ አውጪዎቹ ከሜዳ አገዱት፥ ሕግ አውጪዎቹ ከሥራው አባረሩት፥ በአእምሮው ያጠራቀመውን ሙያ ግን አንዳቸውም ሊወስዱበት አልቻሉም።

ስለዚህ አንተ ወጣት፥ ዛሬ የምትሠራው ሥራ ተራ ቢሆንና ስምህን የሚጠራ ባይኖር፥ አትናቀው። ጭብጨባውን ሌላው ቢወስደው ምንም አይደለም፤ አንተ ትምህርቱን ውሰድ።